ለጃርት ጆሮ የተገዛው ሞንታርቦ

ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይበደር፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። እዚያ ጥግ ያላችሁት ወሬያችሁን ጨርሱ። ጨረሳችሁ? እሺ፣ እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ዕቃ ሁሉ ገበያ ላይ ቆሞ ራሱን በሚያሻሽጥበት ዘመን፣ አንድ ሽኮኮ ነበር። አያ ሽኮኮ ይሉታል። ከሚስቱ ከእመት ሽኮኪትና ከትንሿ ልጁ ከሚጡ ጋር ትልቅ ገደል ላይ፣ በድንጋይና በድንጋይ መሀል ይኖር ነበር። ቤታቸው ጠባብ ናት። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል።

በዚያ ገደል ብዙ ሽኮኮዎች ነበሩ። ከገደሉ በላይ ደግሞ ንስር ነበረ። ንስሩ የሚበላው ሽኮኮ ነው፤ ሌላ ምግብ አይጥመውም፣ ምን ታደርጉታላችሁ። ስለዚህ ሽኮኮዎቹ የጥበቃ ተራ አወጡ። ሌላው ፀሐይ ሲሞቅ ባለተራው ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ንስሩ ብቅ ሲል «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱን የገደል ማሚቶ ትቀበለዋለች። «መጣ… መጣ… መጣ…» እያለች ለየጉድጓዱ ታደርሳለች። ማሚቶ ከራሷ የምታወጣው ቃል የላትም፤ የሰጧትን ነው የምትመልሰው። ሽኮኮዎቹም ይህን ሲሰሙ እግሬ አውጪኝ ብለው ይገባሉ። የሽኮኮ ልጅ የሚያድገው በዚያች ጩኸት ነበር። ጩኸቷ የቀረች ቀን ልጅ የለም።

ማሚቶ ሌላም ሥራ ነበራት። አያ ሽኮኮ ማምሻውን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያንጎራጉር እሷ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ ትቀበለዋለች። ቆቅ ትመጣለች፣ ሚዳቋ ትመጣለች፣ ጥንቸል ትመጣለች።

«አያ ሽኮኮ፣ አንተ ቤት ስንመጣ እኮ ዘፈን መሀል የተቀመጥን ነው የሚመስለን» ይሉታል።

«ኧረ ምን አላት ብላችሁ ነው» ይላል እሱ። ይላል እንጂ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቱ አያ ጃርት ከገበያ ሆም ቲያትር ገዝቶ መጣ። አምስት ስፒከር ያለው። አንዱን ከፊት፣ ሁለቱን ከጎንና ከጎን፣ ሁለቱን ከኋላ ደረደረና ማምሻውን ከፈተው። መብራቱ ከየት መጣ እንዳትሉኝ፤ ተረት ውስጥ መብራት አይጠፋም። ቆቅ ሄደች። ሚዳቋ ሄደች። ጥንቸል «አይሆንም፣ አያ ሽኮኮ ይከፋዋል» ብላ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ እሷም ሄደች።

አያ ሽኮኮ ብቻውን ቀረ። ሚስቱና ልጁ አጠገቡ አሉ፤ እሱ ግን ብቻዬን ቀረሁ አለ። ከጃርት ቤት ሳቅ በተሰማ ቁጥር ድብን ይላል። እህል አልወርድልህ አለው። ተኝቶ እንኳ ጥርሱን ያፋጫል።

«ምን ሆንክ?» አለችው እመት ሽኮኪት።

«ምንም።»

«ቀንተህ ነው።»

«እኔ? በጃርት? እሾህ ለብሶ በሚተኛ?»

«ቀንተሃል እንጂ። ፊትህ ከሰል መስሏል።»

«ጉንፋን ነው» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ንስሩ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያያል። ሽኮኮ ከቀመሰ ሰንብቷል፤ የጥበቃው ጩኸት እየቀደመው ጥፍሩ ዶልዱሟል። «በጥፍሬ ያልያዝኩትን በምላሴ ብሞክረውስ» ብሎ አሰበ። በማግስቱ ገደሉ ጫፍ ላይ አረፈና ተጣራ።

«አያ ሽኮኮ።»

«አቤት» አለ አያ ሽኮኮ፣ ከጉድጓዱ ሳይወጣ።

«ትናንት የጃርት ዘፈን እኔ ድረስ ተሰማኝ። ያንተ ቤት ግን ጭር ብሏል። ለቅሶ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«እኔማ ሰው ሞቶባቸው ነው ብዬ ነው» አለና በረረ።

በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «አያ ሽኮኮ፣ ልነግርህ ጨንቆኝ ነው እንጂ… ያቺ ያንተ ማሚቶ አሁን የጃርትን ዘፈን ነው የምትቀበለው። በጆሮዬ ሰማኋት።» አያ ሽኮኮ ይህንን መዋጥ አቃተው። ቆቅ ትሂድ፣ ሚዳቋ ትሂድ። ማሚቶ ግን የሱ ነበረች፤ ወይም የሱ ትመስለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንስሩ ድምፁን አለስልሶ መጣ። «አይዞህ፣ አይፈረድብህም። ጃርት ቤት ድረስ የሚሰማ ዕቃ መግዛት ለሁሉ አይሆንለትም። አቅም ይጠይቃል።»

ከዚያ በኋላ አያ ሽኮኮን ማን ይያዘው። ለክረምት ያስቀመጡትን ስንቅ በጆንያ ከተተና ተሸከመው። እመት ሽኮኪት ደጃፉ ላይ ያዘችው።

«መግዛቱንስ ግዛ፣ እኔም ዘፈን እወዳለሁ። ለቤታችን የምትሆን ትንሽ ነገር ግዛና ግማሹን ስንቅ ይዘህ ተመለስ።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ገበያ መሀል አያ ዝንጀሮ ሱቅ ነበረው። ዕቃዎቹ ተደርድረው ገዢ ይጠራሉ። መጀመሪያ ልክ እንደ ጃርት ያለ ሆም ቲያትር አገኘ። አምስቱ ስፒከሮች ባንድ ላይ ተንጫጩ።

«እኛን ውሰደን፤ ዙሪያህን ከበን እናዘፍንልሃለን።»

«ጃርት ቤት ድረስ ትሰማላችሁ?» አለ አያ ሽኮኮ።

«እኛ መሀላችን ለተቀመጠ ነው የምንሰማው።»

«ተዉኝ በቃ። ደግሞ ጃርት የገዛውን ገዝቼ ኮረጀኝ ልባል?»

ቀጥሎ ሁለት ስፒከር ያላት፣ ቡናማ እንጨት የለበሰች ትንሽ ቴፕ አገኘ። አልተጣራችም። አጠገቧ ሲደርስ ብቻ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ቤትህ ስንት ክንድ ይሆናል?»

«ምን አገባሽ?»

«አብሬህ ልኖር አይደል፣ ያገባኛል። አዳራሽ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ጠባብ ከሆነ እኔ እበቃለሁ። እኔ እየዘፈንኩ ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ ልጅ ስታለቅስ ይሰማል። ግማሽ ጆንያ ደግሞ ይበቃኛል።»

«ጃርት ቤት ትሰሚያለሽ?»

«ጃርት ቤት ጃርት አለ። እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?»

አያ ሽኮኮ ሳቀባትና አለፈ። መጨረሻ ላይ፣ ከሱቁ ጥግ፣ ሠርግ ቤት ድንኳን አፍ ላይ የሚገተረው ዓይነት ሞንታርቦ ቆሟል። ጥቁር ነው፣ ደረተ ሰፊ ነው፣ ቁመቱ ሦስት ሽኮኮ ያህላል።

«ጃርት ቤት ትሰማለህ?»

«ጃርት ቤት?» አለ ሞንታርቦው። «ስጀምር እሾሁ ከላዩ ላይ ይረግፋል። ሌላ ጥያቄ አለህ?»

አያ ሽኮኮ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። አያ ዝንጀሮ ጭንቅላቱን እያከከ «ለመሆኑ ይኼ ቤትህ ይገባል?» አለው። «መግባት የለበትም» አለ አያ ሽኮኮ። «እንግዲያስ ይመችህ» አለ አያ ዝንጀሮና ሙሉውን ጆንያ ተቀበለ።

ሞንታርቦው ላብ በላብ አድርጎት ደረሰ። በእርግጥም ቤት አልገባም። አያ ሽኮኮ ደጃፉ ላይ ገተረውና አፉን ወደ ጃርት በር አዞረው። እመት ሽኮኪት ወገቧን ይዛ ታያለች።

«አፉን ወደ ቤት አዙረው እንጂ። ለኛ አይደለም እንዴ የተገዛው?»

«ለኛ ነው።»

«ታዲያ?»

«ለኛ ነው፣ ግን እሱ ይስማው።»

«ስንቁስ የት አለ?» ስትለው ያልሰማ መሰለና ገመድ መቀጠል ጀመረ። እሷም ነገሩ ገባትና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ደመቅ አለች። ጃርት ማታ ማታ የሚነቃ፣ ቀን ቀን የሚተኛ ፍጥረት ነው፤ አያ ሽኮኮ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የጥበቃው ተራ የእመት ሽኮኪት ነበር። ስትወጣ ዞር ብላ «እኔ ጥበቃ ላይ እያለሁ እንዳትከፍተው» አለችው። «እሺ» አለ። ሚጡ በሁለቱ ቤቶች መሀል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በሆዷ ተኝታ ፀሐይ ትሞቃለች።

አያ ሽኮኮ ሞንታርቦውን አየው። ሞንታርቦውም አያ ሽኮኮን አየው።

«ትንሽ ብቻ» አለ አያ ሽኮኮ።

«እኔ ትንሽ የሚባል አላውቅም» አለ ሞንታርቦው።

ከፈተው። ገደሉ ተነቃነቀ። ማሚቶ ዘፈኑን ተቀብላ ከዚህም ከዚያም ትመልሰው ጀመር። አያ ሽኮኮ ትከሻውን እየሰበቀ ዓይኑን ጃርት በር ላይ ተከለ። ይውጣ፣ ይየኝ፣ እኔ እንደተቃጠልኩ ይቃጠል አለ በልቡ።

ቀና ሲል ሚስቱ ታየችው። አፏን ከፍታ እጆቿን ታወናጭፋለች። «ወደደችው፣ አብራ እየዘፈነች ነው» ብሎ እጁን አውለበለበላት። አሁንም አፏን ከፈተች። አሁንም አውለበለበላት። በሦስተኛው ከድንጋዩ ላይ ዘላ ወረደችና ወደ ታች መሮጥ ጀመረች። እሱ ልትጨፍር የመጣች መሰለው።

በዚህ መሀል የጃርት በር ተከፈተ። ጃርት ዓይኑ በእንቅልፍ አብጦ፣ በንዴት እሾሁን አቁሞ ወጣ። አያ ሽኮኮ ደስታውን አልቻለውም። «ቀናልኝ» አለና ድምፁን ጭራሽ ጨመረው። ጃርት እየተሳደበ ወደሱ መጣ፤ ምን ብሎ እንደሚሳደብ ግን አይሰማም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ሲደርስ መሬቱ ላይ ጥላ ወረደ።

ንስሩ ነበር። «መጣ» ያለ አልተሰማም፣ ሚጡ ቀና አላለችም። ጥፍሩን ጀርባዋ ላይ ሰካ። ሊያነሳት ክንፉን ሲዘረጋ ግን ጃርት አጠገቧ ደርሶ ኖሮ፣ ደረቱ ከቆመው እሾህ ጋር ተላተመ። ጮኸ፣ ጥፍሩን ፈታ፣ እሾህ እንደተሰካበት እየተንገዳገደ በረረ። ሚጡ ድንጋዩ ላይ ቀረች። እናቷ ደርሳ አቀፈቻት።

አያ ሽኮኮ ዘሎ ሞንታርቦውን አጠፋው። ገደሉ ፀጥ አለ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ አሁንም «መጣ፣ መጣ» ትላለች፤ ማቆሙ ጠፍቶባታል። ማሚቶም ያን ጊዜ ሰማቻት። «መጣ… መጣ… መጣ…» አለች። በገደሉ ያሉ ሽኮኮዎች ሁሉ ሮጠው ገቡ። ንስሩ ግን ከሄደ ቆይቷል።

አያ ሽኮኮ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አያ ጃርት፣ ልጄን አተረፍክልኝ። እኔ ግን በአንተ ቀንቼ ነው ይህን ያመጣሁት። በቅናት ነው።»

ጃርት የተሰበረ እሾሁን እየነቀለ ነበር። «እኔ ልጅህን አላየኋትም፤ ልሰድብህ ነው የመጣሁት» አለ። አንድ እሾህ ነቅሎ ጣለና ቀጠለ። «ደግሞ መጀመሪያ የቀናሁትስ እኔ አይደለሁ? አንተ ስታንጎራጉር ገደሉ በየጎኑ ሲቀበልህ እቤቴ ሆኜ እሰማ ነበር። አምስት ስፒከር የሰበሰብኩት እሱን ይመስልልኝ ብዬ ነው። አንድም ቀን አልመሰለልኝም።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች እመት ሽኮኪት፣ የልጇን ጀርባ እያጠበች።

አያ ሽኮኮ ሞንታርቦውን ተሸክሞ መለሰ። አያ ዝንጀሮ «ስንቁ ተበልቷል» አለና በምትኩ ያቺን ትንሽ ቴፕ ሰጠው። ያን ክረምት ቤተሰቡ በጠኔ ከረመ። ቅናቱም ጨርሶ ለቀቀው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከጃርት ቤት ሳቅ ሲሰማ አሁንም ጆሮው ይቆማል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ግን ዞሮ ልጁን ያያል።

ሚጡ ዳነች። ጥፍሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጉሯ ተመልሶ ሲበቅል ነጣ ብሎ በቀለ። የሷ ልጆችም እንዲሁ ሆነው ተወለዱ፤ እስከ ዛሬ ሽኮኮ ጀርባው መሀል ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው ይባላል። አያ ሽኮኮም እስኪያረጅ ድረስ ያን ምልክት ባየ ቁጥር፣ ቴፑ ተዘግቶ እንኳ፣ ድምፁን ሊቀንስ እጁን ይዘረጋ ነበር።

እንግዲህ ዕቃ ስትገዙ ለቤታችሁ ግዙ። ለጎረቤቱ ጆሮ የሚገዛ ሰው የልጁን ጩኸት አይሰማም። እኔ ጨርሻለሁ። አሁን አንዳችሁ ተነሱና እዚህ ቤት የተከፈተውን ቴፕ ቀንሱት፤ ልጆቹ ደጅ ናቸው።