ኤሊ «ሩጥ» አለች?

ተረት ተረት ካላችሁኝ ይኸው ልንገራችሁ። በአንድ አገር እንስሳት ሁሉ በየጎሬያቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ የተጫረ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። ክረምቱ ምልክቱን ሲያደበዝዘው ኤሊ በጥቢ ከደጅ ደጅ እየዞረች በጥፍሯ ታድሰዋለች፤ ዋጋዋም አንድ እፍኝ ገብስ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ገና ሳያባራ ቀበሮ በሰፊ ቅጠል ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ጃርት ደጅ ቆመ።

«እመት ጃርት፣ የምልክትዎ ጊዜ አልቋል። የላከችኝ ኤሊ ናት። ጀንበር ሳትጠልቅ አንድ ቁና ገብስ ካልከፈሉ ምልክትዎ ይፋቃል፤ ጎሬዎም ለሌላ ይሰጣል። ጥንቸል ትናንት ከፍላለች» አላት።

ጃርት ደነገጠች። ልጆቿን ይዛ የት ትገባለች? ገብሱን ልትሰፍር ጎንበስ አለች፤ የእፍኙ ቁና መሆን ግን ከነከናት።

«ኤሊ ምን ብላ ነው የላከችህ?»

«‹ሩጥ፣ ጊዜ የለም፣ ዛሬውኑ ይክፈሉ› ብላ ነዋ።»

«ኤሊ?» አለች ጃርት፤ ደሟ ፈላ። «ከማዶ ተነስታ እኔ ጋ ለመድረስ ሰባት ቀን የሚፈጅባት፣ አምና ‹ገብስሽ እስኪደርስ እጠብቃለሁ› ያለችኝ ኤሊ ናት ሩጥ ያለችህ? የጥንቸልን ልጆች ቀለብ የወሰድከውም በሷ ስም ነው?»

ቀበሮ ሊሸሽ ሲዞር ጃርት እሾኋን አቁማ በጀርባዋ ተንደረደረችበት። የጥንቸልን ገብስ ተሸክሞ እስኪመልስ ድረስም ከመቀመጫው እሾህ የሚነቅልለት አላገኘም።

ተረቴን እናንተ ውሰዱ፤ እሾኹን ለቀበሮ ተዉለት።