«እርር በል» የተባለው ቡችላ

አንድ ሰውዬ ነበር፣ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ። ቆይ ጋሼ፣ እንዳትዘጋው፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ። «ሶስና እናንተ ቤት ከገባች ወዲህ ብጠራት ስልክ ላይ እንኳን አትመጣም፣ አባቷ አይደለሁም ወይ፣ ምን አድርጌያት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? ብንደዋወል ተጯጩኸን ነው የምንዘጋው። እኔንም ታውቀኛለህ፣ አንተንም አውቅሃለሁ። ስለዚህ በቮይስ ልመልስልህ፣ ቢያንስ ማቋረጥ አትችልም።

እና ሰውዬው። የጠቡ ምክንያት የጣሪያ ውሃ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የጎረቤቱ አሸንዳ ውሃውን እሱ ግቢ ይዘረግፈዋል። ተው ተባለ፣ ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ሰላምታ ቆመ። ሰውዬው ታዲያ ምን አደረገ? ቡችላ አመጣ! የአደን ውሻ ዘር፣ ጆሮው መሬት ሊጠርግ ምንም ያልቀረው፣ ቆዳው ከሰውነቱ ሰፍቶ የተንጠለጠለበት። ስሙን ደግሞ «እርር በል» አለው። የእኛን አገር ሰው ታውቀዋለህ፣ የውሻ ስም የሚያወጣው ለውሻው አይደለም። ጠዋት ጎረቤቱ ፊቱን ሊታጠብ ብቅ ሲል ጠብቆ፣ አጥሩን ተደግፎ «እርር በል!» ይላል። ጎረቤት ምን ይበል? ውሻዬን ነው የጠራሁት ይለዋላ።

ሰውዬው ግን ክፉ ሰው አልነበረም። እሱን ያዝልኝ። ቡችላውን ይወደዋል። የመጣ ሰሞን እናቱን ፈልጎ ሲያለቅስ የገዛ ጋቢውን ካርቶን ውስጥ አንጥፎ አስተኝቶታል። ቁንጫውን ቁጭ ብሎ ይለቅምለታል። ዳቦ በወተት አርሶ ሲሰጠው ያ ረጅም ጆሮ ሳህኑ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል፣ እና ሰውዬው ሁለቱን ጆሮዎች በእጁ ወደ ኋላ ሰብስቦ ይይዝለታል፣ እስኪጠግብ ድረስ። እንደ ሴት ልጅ ፀጉር።

ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ግን አፉን አይከፍትም። ስሙን አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም እዚያ ሳህን ላይ። ለምን ይጥራው? ስሙ የአጥሩ ነው።

ቡችላው ደግሞ እልኸኛ ወጣ። ሲጠሩት አይመጣም። «እርር በል!» ሲባል ይባስ ብሎ አልጋ ስር ይገባል። አንድ ሽታ ከያዘ በቃ፣ አፍንጫው ነው የሚነዳው። ወጥቶ ወጥቶ ሲመለስ ሰውዬው ነጠላ ጫማውን አውልቆ «የት ነበርክ?» እያለ ያቀምሰዋል። አስበው፣ ሲመለስ እኮ ነው የሚመታው! አሰረው፣ አስራበው፣ ምንም። ለሰው ሲያወራ «ዘሩ ነው፣ ደንቆሮ ነው» ይላል። ዘሩ!

አንድ ቀን የግቢው በር ሳይዘጋ ቀረ። ቡችላው ወጣ። ማዶ ካለው ልኳንዳ የወደቀ አጥንት አስፋልቱ መሃል ላይ አገኘና እሱን ያሸታል። ሰውዬው ተከትሎ ሲወጣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከላይ እየወረደ ነው።

«እርር በል!» ብሎ ጮኸ።

ቡችላው ምን ያድርግ? አስፋልቱ ላይ ተለጠፈ። ሆዱን መሬት ላይ አድርጎ፣ ጭራውን ወሽቆ። ደግሞ ጮኸበት፣ የባሰ ተለጠፈ።

ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያ የሚያርረው ጎረቤት። መንገዱ ውስጥ ገባና ሁለት እጁን ዘርግቶ ገልባጩ ፊት ቆመ። ሾፌሩ ፍሬኑን አስጩኾ ቆመና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አብደሃል እንዴ አንተ ሽማግሌ! ለውሻ?» አለው። ጎረቤቱ ግን ወደ ሰውዬው ዞሮ «ጥራው እንጂ!» አለ።

ምን ብሎ ይጥራው? በዚያኛው በኩል መኪና ይመላለሳል፣ ሮጦ ሊይዘው ቢል ቡችላው ደንግጦ ጎማ ስር ነው የሚገባው። ድምፁን ለስለስ አድርጎ «እርር በል...» አለ። እስቲ በለው አንተ፣ ለስለስ አድርገህ። አይሆንም! ቡችላው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልመጣም።

ያኔ ሰውዬው ቁጢጥ አለ። ጎረቤቱ እያየው፣ የሰፈሩ ሰው እያየው፣ አስፋልቱ ዳር ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለና እንደ እናት በቀጭን ድምፅ «ና የኔ ጌታ» አለ። «ና የኔ ጌታ፣ ና።»

ቡችላው በሆዱ እየተሳበ መጣ። እግሩ ስር ሲደርስ ከፍርሃቱ ሽንቱን ለቀቀው። የሰውዬው እጅ ደግሞ ልማድ ነውና ወደ ላይ ተነሳ። ቡችላው አየው። አልሸሸም። ዓይኑን ጨፈነ፣ በቃ፣ ጨፍኖ ጠበቀ።

ሰውዬው እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ሁለቱን ጆሮዎች ወደ ኋላ ሰበሰበለት፣ ሲበላ እንደሚያደርግለት።

ጎረቤቱ ከመንገዱ ወጥቶ አጠገቡ ቆመ። «እኔ እርር ብዬ ጨርሻለሁ» አለው። «ለእሱ ሌላ ስም አውጣለት።»

ጋሼ፣ ሰውዬው አንተ ነህ። አትቆጣ፣ አንተው ነህ የጠየቅከኝ። የልብስ የጫማዋን አላጎደልክም፣ ትኩሳት ሲይዛት ተሸክመሃት የሮጥከውን አይቻለሁ። ግን ስሟ ቤትህ ውስጥ መቼ ነው የሚጠራው? ከእናቷ ጋር ስትኳረፉ ነው! እናቷ እዚያው ሳሎን ፊት ለፊትህ ተቀምጣ «ሶስና! ለእናትሽ ንገሪያት!» ትላለህ። ጩኸቱ የእናቷ፣ ስሙ የልጅቷ። አጥር አደረግካት እኮ። ከዚያ ደግሞ እልኸኛ ናት፣ በእናቷ ወጣች ትላለህ። እዚህ ሰው ሶስና ሲላት ሳህን ከእጇ ይወድቃል፣ ባለቤቴ እንኳን በስሟ መጥራት ትታ «እናትዬ» ነው የምትላት።

ነገ ልታያት ስትመጣ ክላክስ እንዳታሰማ። በሩ ላይ ቆመህም እንዳትጠራት። ደጃፋችን ላይ ያለችውን ድንጋይ ታውቃታለህ፣ እሷ ላይ ቁጭ በልና ዝም ብለህ ጠብቅ። ቢቆይም ጠብቅ። ትወጣለች። ዛሬ ምሳ ላይ ጉርሻ አፏ ድረስ አድርሳ «እማዬ ስታኮርፍ ለአባዬ ምሳ ማን ያቀርብለት ይሆን?» ብላኛለች፣ ምን ልበላት?

አጠገብህ ስትደርስ ግን ዓይኗን ከጨፈነችብህ፣ ጋሼ፣ ምንም ከማለትህ በፊት እጅህ የት እንዳለ እይ።