የሟቹን ሰሌዳ የወረሰው መብራት

በአንድ የአረቄ ፋብሪካ ማከማቻ ውስጥ አንድ መብራት ነበረ። ቤቱ በአልኮል ትነት የታፈነ ስለሆነ ሰው ክብሪቱን እንኳ በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው። መብራቱ ግን ትነቱን የሚለኩስ ብልጭታ እንደማያወጣ ዓለም አቀፍ መርማሪዎች ፈትነው ያረጋገጡለት ነበር። ለዚህም ምስክር የሚሆን የብረት ሰሌዳ ደረቱ ላይ ተለጥፎለታል።

ታዲያ አንድ ቀን መብራቱ ዕድሜው አልቆ ተቃጠለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይልቃል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከገበያ ተራ መብራት አስገዙና የሟቹን ሰሌዳ ነቅለው ለጠፉበት። ሹመት በውርስ መሆኑ ነው!

በማግሥቱ ፋብሪካውን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። አቶ ይልቃል እንግዶቹን ይዘው ከግቢው ማዶ፣ ከውጭው በር አጠገብ ቆሙ። ከዚያም ማከማቻው ደጃፍ ላይ በርሜል ወደምታጥበው ምላሰኛ ሴትዮ ዞሩና፣

«አንቺ! ግቢና መብራቱን አብሪው!» አሉ በድምፅ ማጉያ።

ሴትዮዋ ከበርሜሉ ቀና ብላ ከግቢው ማዶ የቆሙትን አየቻቸው።

«ምን ይገትርሻል? ዓለም የመሰከረለት መብራት እኮ ነው! ሰሌዳውን አላየሽም? ወይ አብሪ፣ ወይ ሥራሽን ልቀቂ!»

እንግዶቹ ሁሉ እሷን ማየት ጀመሩ። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ አደራረቀችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ሰሌዳው በፈረንጅ አፍ ስለተጻፈ ማንበብ አቃተኝ። እርስዎ የቆሙበትን ቦታ ግን እዚሁ ሆኜ አነበብኩት።»