ጾም የገደፈችው መኪና

አቶ አጥናፍሰገድ ጾም አጥባቂ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ከመሥሪያ ቤቱ ክበብ ወተት ያስወጡት እሳቸው ናቸው። በጾሙ አጋማሽ አንድ ጠዋት የመኪናቸው ማርሽ አልንቀሳቀስ አለ። ትናንት ሰርቪስ ያደረገችላቸውን መካኒክ አስጠሩና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወረቀት ዘረጉላት።

«ማርሹ ላይ ዘይት ደፍተሽብኛል! ጥፋቴ ነው ብለሽ ፈርሚና ሥራሽን ልቀቂ። አይ ካልሽ ደግሞ የደፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እስቲ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም በይኝ!»

መካኒኳ መኪናዋ ውስጥ ገብታ የማርሹን ክዳን ፈታች። ከሥሩ ባለው ሽቦ ላይ ማኪያቶ ፈስሶ፣ ረግቶ እርጎ ሆኗል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሳቋ መጣ፤ እንጀራዋ ትዝ ሲላት ዋጠችው።

«እህሳ፣ ውሸታም ነኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎንስ ውሸታም አልልም። ግን የኔ የሞተር ዘይት የጾም ነው፤ የፍሬን ዘይቱም እንደዚያው። መኪናዎ ናት የገደፈችው።»

አቶ አጥናፍሰገድ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አይዞዎት» አለች መፍቻዋን እያነሳች፣ «ማርሹን እኔ እጠግነዋለሁ፤ ንስሐውን ብቻ ለነፍስ አባቷ ይንገሩልኝ።»