ተዝካሯ በቁሟ የተበላው የሻረግ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ሸዋረገድ ባለወፍጮዋ ናት። ሸዋረገድ በዱቄት ሚዛን ትታማለች፤ በወሬ ሚዛን ግን አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም። የሰማችውም ከባለጉዳይዋ ከራሷ አፍ ነው፤ በቆሎ ልታስፈጭ መጥታ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ እሷም ከወፍጮው በላይ እየጮኸች ነገረቻት። እኔም ጨው ሳልጨምርበት እንደሰማሁት አስቀምጠዋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

በአንድ ወቅት፣ ሰው ጎረቤቱን ትቶ ከስልኩ ጋር ማውጋት በለመደበት በዚህ በእኛው ዘመን፣ ሞጆ ከተማ ከሐዲዱ ወዲህ የሻረግ የምትባል፣ ልብስ በመተኮስ የምትተዳደር ሴት ነበረች። የሰው ሱሪ መስመር ታወጣለች፣ የሰው ነጠላ ታቃናለች። ባለሱሪው ለምርቃቱ ይሄዳል፣ ባለነጠላዋ ለሠርግ ትሄዳለች፣ የሻረግ ከከሰል ካውያዋ ጋር ትቀራለች። በዓል ሲደርስ እንደ ሰው ቅርጫ ትገባለች፤ አንድ መደብ ግን ለአንድ ሰው ይበዛል። ሥጋው ቋንጣ ሆኖ እስከሚቀጥለው በዓል ገመዷ ላይ ይከርማል።

የማንም ለቅሶ አያመልጣትም። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ጥጓን ይዛ ትቀመጥና ማን የሟች እህት፣ ማን አክስት፣ ማን የአጎት ልጅ እንደሆነ ትለያለች፤ ማን ከልቡ፣ ማን ለወግ እንደሚያለቅስም አይሰወራት። ከዚያ በልቧ "ለእኔስ ይቺን ፍራሽ ማን ይቀመጥባታል?" ትላለች። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ የለቅሶ ባለቤት ግን አያዋጣም።

"ዘመድ የለሽም እንዴ?" ሲሏት፣ "አለኝ። የት እንዳሉ ነው የማላውቀው" ትላለች።

እውነቷን ነው። በዚያ በክፉ ቀን፣ ድርቁ አገሬውን ከቀዬው ነቅሎ መጠለያ ሲያጉረው፣ ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። ለሰፈራ የሚጭኑ መኪኖች መጡ፤ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፤ የማታውቀው እጅ አንስቶ አንዱ መኪና ላይ ጣላት፤ ወገኖቿ እታች ቀሩ። ከዚያ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት ስትተላለፍ ኖራ ሞጆ ላይ ቆመች። በጭንቅላቷ የቀረው ጥቂት ነው። የአባቷ ስም አጥናፉ፣ ታቦታቸው ሚካኤል፣ ከቤታቸው ጀርባ ሽኮኮ የሚጮህበት ገደል። ሌላም አንድ ነገር አለ፣ ለማንም ያልነገረችው። አጥናፉ የሚባል አባት ደግሞ አገሩን ሞልቶታል፤ የሚካኤል ደብርማ ብዛቱ አይነሳ።

ከጎኗ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ትርሲት ሲም ካርድ ትሸጣለች፤ ምላሷ ሚጥሚጣ፣ ልቧ ቅቤ። አንድ ቀን ያገለገለ ስልክ ይዛላት ገባች።

"እትዬ የሻረግ፣ የጠፋ ሰው በየገበያው እየዞሩ መጠየቅ ድሮ ቀረ። አሁን ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው።"

"አባቴም?"

"እኔ እንኳ ጥሎኝ የሄደውን ባሌን እዚህ አይደል ያገኘሁት! ከነአዲሷ ሚስቱ፣ ከነአዲሱ ሶፋው።"

የሻረግ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብላ ታነባለች። ያስቸገራት ጣቷ ነበር። ከካውያው ብዛት ደንድኖ መስታወቱ አልሰማ ይላታል፤ በምራቋ እያራሰች ትነካካዋለች። መጀመሪያ የጠፉ ሰዎች የሚፈላለጉበት ገጽ ላይ ስሟን አስጻፈች፤ ያዘነላት በዛ፣ ያወቃት ግን የለም። ቀጥሎ የአንድ ወረዳ ልጆች በቴሌግራም የተሰባሰቡበት ሁሉ እየገባች "አጥናፉን የምታውቁ" አለች፤ አጥናፉ በያይነቱ መጣላት፣ የእሷ ግን አልመጣም። በመጨረሻ በየገጠሩ የተቀረጸ የሚካኤል ንግሥ ማየት ጀመረች። ታቦቱ ሲወጣ እልል አትልም፤ የሰው ፊት ነው የምታየው። እናቷን ትፈልጋለች። ስንቱን ንግሥ ካየች በኋላ ነው የምትፈልገው ያችን የድሮዋን ወጣት መሆኑ የገባት፤ ከዚያ ወዲያ አሮጊቶቹን ማየት ያዘች።

ከዕለታት አንድ ቀን ቄሱ ሲሰብኩ ከበስተጀርባቸው ሽኮኮ ሲጮህ ሰማች።

ካውያዋን አስቀመጠች። ደግማ አስጮኸችው። ቦታው አፋፍ ሚካኤል ይባላል። ከምስሉ ሥር ደምስ የሚባል ሰው "የአፋፉ አጥናፉን ዘር ሰብስቤ እዚህ አስቀምጫለሁ" ብሎ ጽፏል። የምትነካውን ትርሲት አሳየቻት። ዛፍ የሚመስል ሥዕል ተከፈተ፤ ስም በስም ላይ፣ ከላይ እስከ ሰባት ቤት ድረስ። አጥናፉ። ከጎኑ ዘርፌ። የሻረግ እናቷን እማዬ ከማለት በቀር ስሟን አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አነበበችው። ከሥራቸው ይርዳው፣ ጌጤ፣ ደምስ። ጫፉ ላይ፣ የሻረግ።

"ይኸው! ይኸው እኔ!" አለች። "አንቺ ትርሲት፣ መስቀልም አድርገውልኛል! ለአባዬ፣ ለእማዬና ለእኔ ብቻ። ለሌሎቹ የለም። የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል።"

ያቺ አፏ የማያርፍ ትርሲት ስልኩን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው።

"ምነው?"

"እትዬ … መስቀሉ የሞቱት ላይ ነው።"

መርዶ ደንብ አለው። ማልዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚሰማ። የሻረግ የአባቷን፣ የእናቷንና የራሷን መርዶ በአንድ ጊዜ፣ ካውያዋ እንደጋለ፣ ከስልክ ሰማች። ለሁለቱ አለቀሰች። ለሦስተኛዋ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም።

አሁን ሦስቱን ልጆች ስሙልኝ፤ እኔ ማንንም አላስበልጥ።

ታላቁ ይርዳው ከአባቱ ደጅ ሳይርቅ ያረጀ ገበሬ ነው። የዚያ ዓመት ልጆች ወጥተው ሲቀሩ፣ ሰዉም ስማቸውን ማንሳት ሲተው፣ እሱ እምቢ አለ። ወላጆቹን ከቀበረ በኋላ "እህቴስ ሳይለቀስላት አትቀርም" ብሎ ራሱን ተላጭቶ ተቀመጠ። የሚያርስበትን በሬ አርዶ ተዝካሯን አበላ። ከአባቷና ከእናቷ መቃብር መካከል ድንጋይ አቆመላት፤ በየዓመቱ በሚካኤል ስሟን ያስጠራል። ሬሳ የለም፤ ስም ግን አልጠፋም።

ጌጤ ከይርዳው ቤት ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ተድራ ትኖራለች። ያን ተዝካር አልቀመሰችም። ጥቁርም አልለበሰችም። ለቀስተኛው መካከል ቆማ "በቁሟ አትቅበሯት" አለች። ይርዳውም "ከለቅሶዬ የቀረሽ ከደጄም ቅሪ" አላት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቤት ጭስ ይተያያል፤ እሳት ግን አይጫጫሩም። ጌጤ እህቷ ከተጫነችበት ቀን ጀምሮ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ገበያ የሚያህል ሩቅ መንገድ እንኳ በእግሯ ነው የምትሄደው።

ደምስ ደሴ ላይ ሚኒባስ ይነዳል። ሌላው ነጂ ተራ ሲጠብቅ ካርታ ይጫወታል፤ እሱ ሽማግሌ ፈልጎ ዘር ያስቆጥራል። ሚስቱ "ሙታን ከእኔ ይልቅ ያውቁሃል" ትለዋለች። ዛፉን ሲሠራ ዘመዶቹ "ሳይወልድ የሞተ ምን ያደርግልሃል፣ ተወው" አሉት። "ስም ያለው ሁሉ ይገባል" አለና ይርዳው ካቆመው ድንጋይ ላይ የእህቱን ስም ወስዶ፣ ከነመስቀሉ፣ ዓለም የሚያየው ቦታ ሰቀለው። ከዚህ በፊት ግን ዘመድ ነኝ ባይ አታሎታል። እናም የሻረግ "እኔ አልሞትኩም" ብላ ብትጽፍለት "የሟች እህቴን ስም የያዝሽው፣ ማን ነሽ?" ብሎ መለሰላት።

የሻረግ ይህን አነበበችና ለትርሲት "ምን ልበለው? እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት" አለቻት።

ደምስ ባያምናትም አልዘጋባትም። ሚኒባሱን ባዶውን ነድቶ ታላቅ እህቱ ጌጤ ደጅ ቆመ፣ ወደ ሞጆም ደወለ።

"እትአበባ፣ አንዲት ሴት የሻረግ ነኝ ትላለች። እኔ ተታልዬ አውቃለሁ፤ አንቺ ስሚያት።"

ጌጤ ስልኩን እንደ ሞላ ዋንጫ በሁለት እጇ ያዘችው። "ገደሉ አፋፍ ላይ ስንጫወት ምን አደርግሽ ነበር?"

ሞጆ ላይ ካውያ ሲቀመጥ ተሰማ።

"መቀነትሽን ፈትተሽ ከወገብሽ ጋር ታስሪኝ ነበር። እንዳልወድቅ።"

ይህ ነው ለማንም ያልነገረችው። ጌጤ ስልኩን ለወንድሟ መለሰችና "ሞተሩን አስነሳ" አለችው።

ሞጆ ሲደርሱ ምን እንደተባባሉ ሸዋረገድም አላወቀች፤ ትርሲት በሩን ዘግታ ሰው አላስገባችም። ሲመለሱ ግን ጌጤ መቀነቷን ፈትታ፣ አንዱን ጫፍ በራሷ፣ አንዱን ጫፍ በእህቷ ወገብ አሰረች። ደምስ በመስታወት አይቶ ሳቀ።

"እትአበባ፣ መኪናው እኮ ቀበቶ አለው።"

"የመኪና ቀበቶ አላምንም።"

ይርዳው ወሬው ደርሶት መገንጠያው ላይ፣ ነጭ ለብሶ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ መገንጠያ አንዱ መንገድ ወደ አባታቸው ቤት ይወርዳል፣ አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጌጤ ይሄዳል፣ አስፋልቱ ወደ ደሴ ይቀጥላል። በዚያ አገር ደግሞ ጠፍቶ የተገኘ ሰው መጀመሪያ የረገጠው ደጅ ቤቱ ይሆናል። ሲሞትም የለቅሶው ባለቤት ያ ደጅ ነው።

ይርዳው እህቱን አገላብጦ ስሟት፣ ዓይኑን ጠረገና "ነይ ወደ አባትሽ ቤት" አላት። "ድንጋዩን በእጅሽ አንስተሽ ትገቢያለሽ። እኔ ባላለቅስልሽ ስምሽን ማን ያስታውሰው ነበር?"

ደምስ "ወንድምጋሼ፣ ድንጋይህ ከሞጆ አይታይም" አለ። "የታየው እኔ የሰቀልኩት ነው። ሰባት ቤቷ ደሴ አዳራሽ ሞልቶ ይጠብቃታል። ብቻዋን የኖረች በብዙ ሰው መካከል ትግባ።"

ጌጤ "አንዳችሁ ድንጋይ ላይ፣ አንዳችሁ ስልክ ላይ ሞታለች አላችሁ" አለች። "ሞታ የማታውቅበት ቤት የእኔ ብቻ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽና? ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽ!" አላት ይርዳው። ከተኳረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ቃል መሆኑ ነው።

"ቀላል ከመሰለህ አንተም መጠበቅ ነበረብሃ!"

ከዚያ ነገር መረረ። ይርዳው "እዚያ ከገባሽ የእኔ ደጅ ተዘጋ" አለ። ጌጤ "የተዝካርሽ በሬ የታረደበትን ግቢ አልረግጥም፤ ከገባሽ በዓይኔ አላይሽም" አለች። ደምስም ፈራ ተባ እያለ "ዛሬ ካልመጣሽ ዘመዱ አሁንም አጭበርባሪ ናት ይላል፤ ሁለተኛ አይሰበሰብልኝም" አላት።

የሻረግ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ይርዳው እንደ አባቷ ይቆማል፤ አቋቋሙን አስታወሰችው። የደምስ ጆሮ የራሷ ጆሮ ነው። የጌጤ መቀነት ገና ወገቧ ላይ ነው። ስንት ድንኳን ጥግ ተቀምጣ የተመኘችው ፊት ይኸው በሙሉ አጠገቧ ቆሟል።

"አንድ ደጅ ስፈልግ ኖሬ፣ ሳገኝ ሁለት ላጣ ነው?" አለች።

ጌጤ የያዘችውን ስንቅ ፈታች። አራቱም መንገዱ ዳር ተቀምጠው ከአንድ መሶብ በሉ፤ ሦስቱም የሻረግን ያጎርሳሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም። ወደታች፣ ወደ ሞጆ የሚሄድ አውቶቡስ ብቅ አለ። የሻረግ ቋጠሮውን በደነደነ ጣቷ ፈታች፣ መቀነቱን አጣጥፋ ለእህቷ መለሰች፣ እጇንም አንስታ አውቶቡሱን አስቆመችው።

ይርዳው ድንጋዩን አላነሳም፤ "የምታነሳው እሷ ናት" ብሎ ትቶታል፤ ድንጋዩም በወላጆቿ መቃብር መካከል እንደቆመ ነው። ደምስ መስቀሉን ከስሟ ላይ አጥፍቷል፤ አዳራሹ የዚያኑ ዕለት ተበተነ። ጌጤ እንደገና በእግሯ ነው ገበያ የምትሄድ፤ መቀነቱንም ከዚያ ወዲህ አልታጠቀችውም። የሻረግ ሞጆ ናት፤ ትተኩሳለች። በዓል ሲመጣ ስልኳ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፣ ሦስቱም "መቼ ነው የምትመጪው?" ይሏታል። ቋንጣው ገመዱ ላይ ነው።

እንግዲህ ያለቀሰላት አለ፣ ስሟን የሰቀለላት አለ፣ አላለቅስም ያለችላት አለች። የሻረግ ነገ ብትነሳ፣ እግሯ ቀድሞ ሊረግጠው የሚገባው የማንን ደጅ ነው?