የተኩሱ ወይስ የታሪኩ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ትልቁ ረምዚ ይባላል፤ በያጅ ነው። ትንሹ አኒስ ባጃጅ ይነዳል። እናታቸው ስትሞት አኒስ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር። ረምዚ ትምህርቱን አቋርጦ ብየዳ ቤት ገባና ወንድሙን አበላ፣ አለበሰ፣ አስተማረ። አኒስ ሚስት ሲያገባ ደግሞ የውስጠኛውን ክፍል ለሙሽሮቹ ለቀቀላቸውና እሱ ግቢው ጥግ ወዳለችው ሰርቪስ ተዛወረ። ማንም ውጣልን አላለውም። ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ ነው የወጣው።

የሁለቱ ወንድማማቾች ፍቅር የወሬ ፍቅር አልነበረም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከሥራ ይመለሱና ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተኩስ ጌም ይጫወታሉ። አንዱ በር ሲጠብቅ ሌላው ይገባል። «ጀርባዬን!» ሲል አንዱ፣ ሌላው እዚያው ነው። ቀን ማን እንዳስቀየማቸው፣ ምን እንዳስጨነቃቸው አይነጋገሩም። ትከሻቸው ይነካካል፤ ያ ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ ኢማን መጣች።

ኢማን የሐረር ልጅ ናት፤ አፏም እጇም ፈጣን፣ ስትስቅ ጎረቤት የምትሰማ። ረምዚ መጀመሪያ ላይ ወደዳት። ለወንድሙ ደስ አለው። አንድ ቀን ግን ከብየዳ ቤት ሐብሐብ ታቅፎ ሲመለስ ሳሎኑን ከፍቶ ገባና ደነገጠ። እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ እሷ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። የእሱ ጆይስቲክ እጇ ላይ ነው። አኒስ ጎኗ ሆኖ «በግራ! በግራ! ኧረ አቦ፣ ግራሽን አታውቂም?» እያለ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ያንን ሳቅ ረምዚ ያውቀዋል። በዓለም ላይ ከእሱ በቀር የሚያስወጣው ያለ አይመስለውም ነበር።

«ና ረምዚ፣ ያዝ፣ ያንተ ነው» ብላ ኢማን ተነሣችለት።

«ተጫወቱ፣ ተጫወቱ፤ ደክሞኛል» አለና ሐብሐቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሳሎኑ ሲገባ በሩን ማንኳኳት ጀመረ።

ቅናት ነው ብሎ ለራሱ እንኳ አልነገረውም። ሰው በወንድሙ ሚስት ይቀናል እንዴ? ጨጓራዬ ነው አለ። ጨጓራዬ ነው እያለ ቀዝቃዛ ወተት ይጠጣ ነበር። ሰርቪሱ ውስጥ ጋደም ብሎ የሁለቱ ሳቅ በመስኮት ሲገባ ግን ወተቱ ምንም አልረዳውም።

በዚህ መሃል የተኩስ ጌማቸው ሲዲ ተጫረ። አንድ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቀራል። አዲስ ጌም ያስፈልግ ነበር፤ ግን የትኛው? ረምዚና አኒስ ዓይናቸውን የጣሉበት አዲስ የተኩስ ጌም አለ፤ ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ያጫውታል። ኢማን ደግሞ ሐረር የአክስቷ ልጆች ቤት ያየችው፣ የታሪክ ጌም የሚሉት አለ። እዚያኛው ላይ አንድ ሰው ትፈጥራለህ፤ ስም ታወጣለታለህ፤ መንደር ለመንደር እያዞርክ፣ ከሰው ጋር እያነጋገርክ፣ ሙያ እያስተማርክ ታሳድገዋለህ። ማንን እንደሚያምን፣ ማንን እንደሚከዳ የምትወስንለት አንተ ነህ። እሱን አንድ ሰው ነው የሚይዘው።

ጌም ቤት ያለው ጀማል የሚባል ሰውዬ ሁለቱንም አስመጣ። ውድድርም አዘጋጀ፤ በቡድን ሦስት ሦስት ሰው ይገባል፣ አሸናፊው ቡድን ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይወስዳል። አኒስና ረምዚ ተመዘገቡ። ሦስተኛቸው ሊሆን የነበረው ጓደኛቸው ግን ለሥራ ጅቡቲ ሄደ። ረምዚ «ይቅርብን በቃ» አለ።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለች ኢማን።

አኒስ ሳቀ። ረምዚ አልሳቀም። የውድድሩ ቀን ግን ሦስቱም ሄዱ።

የመጀመሪያው ዙር ኳስ ነበር፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ይገባል። አኒስ ገባ። የገጠመው ልጅ በሠፈሩ የተፈራ ነው፤ ገና ከመጀመሩ ሁለት ጎል አገባበት። ተመልካቹ ማሾፍ ጀመረ። አኒስ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ አንድ አንድ እያለ መለሳቸው፤ ሊያልቅ ሲል ሦስተኛውን ጨመረ። ያን ቀን አኒስ ባያሸንፍ ሦስቱም በጊዜ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ሁለተኛው ዙር የመኪና እሽቅድምድም ነበር። ረምዚ ሊገባ ወንበሩን ስቦ ነበር። አኒስ ትከሻውን ያዘውና «እሷ ትንዳ» አለው።

«ምን?»

«ኢማን ትንዳ። ከአንተም ከእኔም ትሻላለች። ቤት አይተናታል እኮ።»

ረምዚ ቤት አላያትም። ሰርቪሱ ውስጥ ነበር። ወንበሩን ለቀቀላት፤ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እንድትሸነፍም ተመኘ። ኢማን ሻሿን ወደ ኋላ አጠበቀች፣ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስደግፋ ያዘች፣ መጨረሻው ኩርባ ላይ ሁሉም ፍሬን ሲይዙ እሷ ሳትይዝ በመሃላቸው ሾልካ ወጣች። ጌም ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አኒስ ከመቀመጫው ዘሎ ግንባሯን ሳማት። ረምዚም አጨበጨበ፤ እጁ ብቻ አጨበጨበ።

ፍጻሜው ተኩስ ነበር፤ ሦስት ለሦስት፣ እያንዳንዱ በራሱ ስክሪን። ጌሙ ላይ አንድ ሰው ሲሞት ስክሪኑ አይጠፋም። በሕይወት የቀረ የቡድን ጓደኛው የሚያየውን እያሳየው ይቀጥላል። ይህን ያዙልኝ።

አኒስ አንዱን ጥሎ እሱም ወደቀ። ሁለት ለሁለት ቀሩ። ረምዚ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር፣ ረጅሙን ጠመንጃ ይዟል። ኢማን ታች ግቢው ውስጥ ከበርሜል በርሜል እየሮጠች ነው። «ረምዚ፣ ጀርባዬን!» አለች።

ያቺ ቃል የሁለቱ ወንድማማቾች ቃል ነበረች።

በዚያች ቅጽበት አንደኛው ጠላት ከግንቡ ኋላ ብቅ አለና ጀርባዋ ላይ አነጣጠረ። ረምዚ አየው። በጠመንጃው መነጽር መሃል ለመሃል፣ ከነቆቡ፣ አጥርቶ አየው። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበረች። አልሳበም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አልሳበም። ኢማን ወደቀች። ስትወድቅ ሁለቱም ጠላቶች፣ ሌላው ቅርብ ያለ ስላልመሰላቸው፣ ከተደበቁበት ወጡ። ያኔ ረምዚ ሳበ፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። አለቀ። አሸነፉ።

ሊያዩ የመጡት ልጆች ረምዚን አንሥተው ወደ ላይ ወረወሩት። ኢማን «ማጥመጃ አደረግከኝ አይደል? እኔ ስወድቅ እንደሚወጡ አውቀህ ነው! ጉድ ነህ አቦ!» እያለች ከልቧ ትስቃለች። ረምዚ እውነትም አውቆ ይሁን፣ ወይስ ወተት ያልፈወሰው ነገር ጣቱን ይዞት፣ ለራሱም አልገባውም። ቀና ሲል አኒስን አየው። አኒስ አይስቅም። ከወደቀ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ይታየው የነበረው የረምዚ መነጽር ነው።

ጀማል ሁለቱን ጌሞች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እንኳን ደስ ያላችሁ። አንዱን አንሡ» አላቸው።

ረምዚ የተኩሱን አነሣ። ኢማን የታሪኩን አነሣች። ተያዩ።

«ፍጻሜውን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለ ረምዚ።

«የወደቅኩልህስ? ሁለተኛውን ዙርስ ማን አሳለፈህ?» አለች ኢማን። እንደ ቀልድ ነበር የጀመረችው፤ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተቀየረ። «ተኩሱ ሁለት ሰው ነው የሚያጫውተው። እናንተ ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፤ እኔ ጀርባችሁን አያለሁ። እናንተ ስትተኩሱ እኔ ምን እንደምሠራ ታውቃለህ? ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሰሃን አጥባለሁ።»

«ያንቺውስ? አንድ ሰው አይደል የሚይዘው?»

«አንዱ ይይዛል፣ ሦስታችን እንወስናለን። ሐረር እንደዚያ ነበር የምንጫወተው። ሰባት ሆነን፣ በአንድ ጆይስቲክ፤ ‹እመነው›፣ ‹አትመነው› እየተባባልን።»

ረምዚ በዓይኑ ታየው። አኒስ ጆይስቲኩን ይዟል፤ ኢማን ትከሻው ላይ ተደግፋ በጆሮው ታንሾካሹካለች፤ እሱ ወንበሩ ዳር ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ያልጠየቀውን ምክር ይሰጣል።

«ኢማን፣ እናንተ ጠዋትም አላችሁ፣ ማታም አላችሁ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔ ከወንድሜ ጋር ያለችኝ ያቺ አንድ ሰዓት ናት። ክፍሉን ሰጠሁ። ቦታዬን ሰጠሁ። ያቺን ብቻ ተዉልኝ።»

«ማን ስጠን አለህ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የገዛ ቤትህን በር የምታንኳኳው አንተ ነህ! ባንኳኳህ ቁጥር እኔን ነው እንግዳ የምታደርገኝ፣ ይገባሃል? ቤታችሁን የቀማሁ ሌባ ነው የምመስለው።»

ሁለቱም ወደ አኒስ ዞሩ።

አኒስ ባንኮኒው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን አየ። የወንድሙ እጅ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ነው፤ እሱን ያሳደገው እጅ ነው። የሚስቱ እጅ ላይ የሠርጓ ሂና ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ያየውን ተናግሮ የረምዚን ክርክር በአንድ ቃል መበተን ይችል ነበር። አልተናገረም። ሳይናገር «ለወንድሜ» ቢል ደግሞ፣ እያወቀ ሚስቱን ያታልላል።

«ጀማል፣ የእኔን ስም ሰርዘው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለችው ኢማን።

«በእናንተ መካከል አልገባም። ተስማምታችሁ የምታመጡትን እጫወታለሁ። ካልተስማማችሁ አንዱንም አልነካም።» ወጣና ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሞተሩን ግን አላስነሣም።

ጀማል ሰዓቱን አየ። ከመስጊዱ አዛን ይሰማል። «እኔ መግሪብ ሰግጄ እመለሳለሁ» አለ። «ስመለስ አንዱን መርጣችሁ ጠብቁኝ። አለዚያ ሽልማቱን ለሁለተኛው ቡድን እሰጣለሁ፤ እነሱ አልተጣሉም» ብሎ ሄደ።

ጌም ቤቱ ባዶ ሆነ። ረምዚና ኢማን ባንኮኒው ፊት ቆመው ቀሩ፤ ሁለቱም የያዙትን አልለቀቁም። ረምዚ ስለዚያች አንድ ትንፋሽ ሊነግራት ፈለገ። ቢነግራት የታሪኩን ይዛ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሩን ቢያንኳኳም ባያንኳኳም ለውጥ የለውም። ባይነግራት ያሸነፈበት ተኩስ የራሱ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ይኖራል። ኢማንም የምትለው ነበራት፤ «ውሰደው፣ ያንተ ይሁን» ልትል ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። ግን ዛሬ ከለቀቀች ዕድሜ ልኳን ጀርባቸውን እያየች እንደምትኖር ታየትና የታሪኩን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

እንግዲህ እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። አንዳንዱ ሰው ለረምዚ ይፈርዳል፤ ያሳደገ እሱ፣ የጨረሰ እሱ፣ ከቤቱም ብዙ የለቀቀ እሱ ነው ይላል። አንዳንዱ ለኢማን ይፈርዳል፤ መንገዱ የተከፈተው በእሷ መውደቅ ነው፣ ደግሞም ሦስቱን የሚያስቀምጥ ጌም የመረጠች እሷ ብቻ ናት ይላል። ለአኒስ የሚፈርዱም አሉ፤ የመጀመሪያው ድል የእሱ ነው፣ እውነቱን በሙሉ የሚያውቅም እሱ ብቻ ነውና ተጠርቶ ይምረጥ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ አውቆ ዝም ያለ ሰው ምን መብት አለው ብለው ይቆጧቸዋል።

ጀማል ሰግዶ ጨርሷል፤ ጫማውን እያደረገ ነው። በሩ ላይ ሳይደርስ ንገሩኝ፦ ከሦስቱ መምረጥ የሚገባው ማን ነው? ወደዚያ ቤትስ የትኛው ጌም ይግባ?