እብቅ የለበሰችው መኪና

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪና ነበረችው፤ መኪናዋም መከራው ነበረች።

ቆይ ማንጠግቦሽ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «እናታችን በተቀበረች ቀን እህቴን በሰው ፊት ‹አላስታመምሻትም፣ ገደልሻት እንጂ› አልኳት፤ ሽማግሌ አስታረቀን፣ በግ አርጄ አበላሁ፣ እሷ ግን አሁንም ፊቷን ታዞርብኛለች፤ ሌላ በግ ልረድ ወይ?» ነው ያልሽኝ። በጉ ይቆይ። መጀመሪያ ይህን ሰውዬ ስሚው።

ሰውየው ለልጁ «የሠርግሽ ቀን በገዛ መኪናዬ ነው የምወስድሽ» ብሎ ምሎላታል። መኪናዋ ግን ፀሐይ የበላት አሮጊት ናት፤ ቀለሟ እንደ ጭነት አህያ ጀርባ ተልጧል። ቸኮለና ጋሪ ቀቢ ጠራ። ጋሪ ቀቢው ጎበዝ ነው፤ ለጋሪ። መኪናዋን አውድማ ዳር አቁሞ በርበሬ የመሰለ ቀይ ቀለም ረጨባት። ያን ቀን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የወቃውን ጤፍ በመንሽ እያነሳ ለነፋስ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ነፋሱ የአገሩን እብቅ ሰብስቦ እርጥቡ ቀለም ላይ ለጠፈው። መኪናዋ ጸጉር አብቅላ አደረች። ዶሮዎች ከሦስት ቀበሌ መጥተው በሯን ሲጭሩ ዋሉ። አንድ ጥጃማ እናቱ መስላው ኮፈኗን ሲልስ ምላሱ ተላጠ። ይህን ከእኔ ሌላ ያየ የለም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

«ግዴለም፣» አለ ጋሪ ቀቢው፣ «አንድ ዙር ብንደርብበት ይዋጣል።»

ደረቡበት። እብቁ አልተዋጠም፤ ወፈረ።

ልጅቷ መጥታ መዳፏን በሩ ላይ ስታሳልፍ የነጠላዋ ጥለት ተያዘ፤ ስትስበው ተተረተረ።

«አባባ፣ በዚች ከምሄድ በእግሬ እሄዳለሁ፣» አለችው።

ሰውየው ያን ቃል ሰምቶ እህል አልቀመሰም። ለሠርጉ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። መኪናዋን እየነዳ ከተማ ወረደና አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ደጅ አቆማት። ሽማግሌው ዞሯት፤ በጥፍራቸው ቀለሙን ጫር ጫር አደረጉት።

«ሦስተኛ ዙር ይቀቡልኝ፣ አባቴ።»

«ሦስተኛ ከቀባሁልህ ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ውስጡ የገባው ነገር ነው ክፉው። አንጨምርም፤ እንቀንሳለን።» ቀለም የሚፋቅበትን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረው ሰጡት። «የእኔ ክንድ አልቋል። አንተ ትፍቃለህ፣ እኔ እቆጣሃለሁ።»

ሰውየው ከጣሪያዋ ጀመረ። በውኃ እያራሰ አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ሲፍቅ እብቁ ተቆረጠ። ነገር ግን ቀይዋ መኪና ደበዘዘች፤ የጭቃ ውኃ የተደፋባት መሰለች። ወረቀቱን ወረወረው።

«አባቴ! የነበረችውንም አጠፋኋት!»

«አላጠፋሃትም። መንገዷ ይኼ ነው፤ አንሳ።»

መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። «ኑ እዩ! ሰውየው የገዛ መኪናውን ቆዳ እየገፈፈ ነው!» የሚስቱ ወንድምም ደረሰና «ተው በናትህ፣ አታዋርደን። የምታብለጨልጭ መኪና ከሰው ተውሼ አመጣልሃለሁ» አለው።

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። መሬት ላይ የወደቀውንም ወረቀት አየ።

«የማልኩት በዚች ነው፣» አለና ጎንበስ ብሎ አነሳው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ያፈሰሰው ላብ ሁለት የውኃ ወፍጮ ያዞራል። የጣቶቹ አሻራ ጠፍቶ ለመታወቂያ እንኳ ጣት አልነበረውም። ጠርዝ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ብቻ ሽማግሌው «ቀስ! እዚህ ቀለሙ ስስ ነው፤ ብረቱ ይወጣብሃል» እያሉ እጁን ይይዙት ነበር።

በሰባተኛው ቀን ወረቀቱን ነጥቀው ማወልወያ ፖሊሽና ለስላሳ ጨርቅ ሰጡት። እያዞረ አሸ። ድብዛዜው ተገፈፈ፤ ከሥር ቀዩ ብቅ አለ። በወዲያኛው መንገድ የሚያልፉ አንድ ቄስ በሩ ላይ ራሳቸውን አይተው ሌላ ቄስ መስሏቸው እጅ ነሱ፤ ሲነቁም ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሰም አስቀቧትና «ከእንግዲህ አቧራ ሲያርፍባት በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርጋት፣ ትቧጭራታለህ። መጀመሪያ ውኃ» አሉት።

በሠርጉ ቀን ልጅቷ መዳፏን በሩ ላይ አሳለፈች። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

እንግዲህ ማንጠግቦሽ፣ መኪናዋ የአንቺና የእህትሽ እህትማማችነት ናት። እርቁ ቀለሙ ነው፤ ጥሩ ቀለም ነው። እብቁ ያ ቃልሽ ነው። ያስታረቋችሁ ሽማግሌዎች ቸኩለው «የተባለው ሁሉ ይቅር» ብለው ቃሉን ሳያነሱት ቀቡበት። በግሽ ሁለተኛው ዙር ነበረች። ሌላ ብትደርቢበት ቃሉ ይወፍራል፤ በግሽም በከንቱ ታልቃለች።

ይልቅ ለቅሶው ላይ የሰሙትን ሴቶች ይዘሽ እህትሽ ዘንድ ሂጂና «ገደልሻት ብዬሽ ነበር፤ ሐሰት ነው። ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ አልነበርኩም» በያት። አንድም ነገር አታለሰልሺበት። ታለቅሳለች፤ የረሳውም ሰው ያስታውሳል፤ ነገሩ ከቀድሞው የባሰ ይመስልሻል። ያን ጊዜ ወረቀቱን እንዳትጥዪ። ከለሰለሰ በኋላ ደግሞ በቃ፤ በየገበያው እያነሳሽ ብረቱ እስኪወጣ አትፈትጊው። ቀሪው ጥበቃ ነው፤ ቅር ያላት ቀን በደረቅ ቃል እንዳትነኪያት።

ምን አልሽ? «ብታባርረኝስ?»

ብታባርርሽ ገና ጣሪያው ላይ ነሽ ማለት ነው። በሩ አለ፣ ኮፈኑ አለ። በማግስቱ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ።